የአንድ ትሪ ትዕዛዝ

ድሬዳዋ ላይ ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ፀሐይ ውስጥ መቆም ከተከለከለ ሃያ ምናምን ዓመት ሆኖታል። ሰዉ «የጥላ ሰዓት» ይለዋል። ደወሉ ሲጮህ መኪናው ይቆማል፣ ገበያው ሸራውን ያወርዳል፣ ሁሉም በደረሰበት በረንዳ ስር ይገባል። ከዚያ ከኪሱ የፋብሪካ ምግብ ጥቅሉን ያወጣል፣ ጫፉን በጥርሱ ይቀዳል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ብቻውን ይበላል። ፊት ማዞር ጨዋነት ነው። ሰው ሲያኝክ ማየት ነውር፣ እያኘኩ መታየትም ነውር። ጥቅሉ ንጹሕ ነው፤ ነፍስ ያለው ነገር አንድም አይገኝበትም። ሰው ሁሉ አፉን ከሸፈነበት ከጭንብሉ ዘመን ወዲህ የተወለደ ልጅ በእናቱ እጅ ጎርሶ አያውቅም፤ ጉርሻ የሚባለውን የሚያውቀው ትምህርት ቤት በሚያሳዩት ሥዕል ነው።

ሀሴት ይሄ ጨዋነት አልገባትም። ሳቢያን ገበያ ሎሚና ማንጎ የምትሸጥ ሴት ናት፤ አፈሩን ከሎሚው ላይ በቀሚሷ ጠርጋ ትነክሳለች። ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ «ይሄን ያህል ይበቃኛል» ብላ ትታዋለች፤ አንዴ ይበቃኛል ካለች ደግሞ መልአክ ቢወርድ አይመልሳትም። ባሏ ዮስያስ ልብስ ሰፊ ነው። አንድ ልጃቸው አግብታ ሞጆ ከሄደች ወዲህ ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል። እና እነዚህ ሁለት ሰዎች፣ ሰፈሩ «አቦ፣ አያፍሩም እንዴ?» እያለ በመስኮት ሲያጮልቅባቸው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ከአንድ ትሪ በሉ።

ከዚያ ሰባት ዓመት ሳይበሉ ቀሩ።

ነገሩን ያመጣው ሽንት ቤቱ ነው። በየቤቱ ያለው ሽንት ቤት የሚገባውን ሁሉ ያነባል፤ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን በበሩ ጎን ካለች ቀጭን ቀዳዳ ወረቀት ይተፋል። የቤተሰቡ ስም፣ ከየስሙ ፊት ለፊት ውሃ ስንት፣ ጨው ስንት፣ ጎመን ስንት፣ ሥጋ አለ ወይ የለም። ቀበሌው የሚፈልገው ለከተማው ምን ያህል እህል እንደሚያስመጣ ለማወቅ ነው፤ ሌላው ሰው እጁን ጠርጎበት ይጥለዋል። ሀሴት ግን ታነበዋለች። በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አንድም ሳታስቀር።

የሁዳዴ ጾም ስድስተኛ ሳምንት ነበር። ከእሷ ስም ፊት ለፊት «ሥጋ የለም» ይላል። ከዮስያስ ስም ፊት ለፊት «ሥጋ አለ»።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ዮስያስ ወረቀቱን አየና መለሰላት። «እኔ እንጃ።»

«ጾም ገድፈሃል።»

«አልገደፍኩም።»

«ታዲያ ወረቀቱ ይዋሻል?»

«ወረቀቱን ጠይቂው። እኔ ሥጋ አልበላሁም፤ በቃ።»

«ማል።»

ዮስያስ ለስላሳ ሰው ነው፤ ግን እሱም የራሱ ግድግዳ አለው። «ሃያ ሁለት ዓመት ከአንቺ ጋር ጎርሼ አሁን ልማልልሽ? አልምልም።»

«እንግዲያው ከገዳፊ ጋር ማዕድ አልቀርብም!» አለች። «ለነፍስ አባትህ ተናዝዘህ፣ ንስሐህን ጨርሰህ ና። ትሪው የትም አይሄድም።»

«ያልሠራሁትን አልናዘዝም።»

«እንዳሻህ።»

የት እንደበላውም ለራሷ ወሰነች። ዮስያስ የሚሰፋው ከአብዱሰመድ ጋር ነው፤ ሁለቱ የስፌት መኪናቸውን አንድ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን አድርገው ያረጁ ናቸው። ምሳ የሚበላው እሱ ቤት ነው። ስለዚህ በጾም፣ ያውም የእስላም ሥጋ፣ ሁለት ጥፋት በአንድ ጉርሻ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአብዱሰመድ በኩል ስታልፍ የሎሚ ቅርጫቷን በዚያ በኩል አድርጋ ፊቷን ትሸፍናለች።

ተጣሉ ማለት ግን አይቻልም። አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ። ሸሚዙን ታጥባለች፣ ቀሚሷን ይሰፋላታል። ጎረቤት ሲያስቃቸው አብረው ይስቃሉ። ወጡም አንድ ድስት ነው። ሲቀርብ ብቻ ሁለት ሳህን ይሆናል፤ አንዱ በጠረጴዛው በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ። ወረቀቱንም ቀበሌ ሄዳ አስለየችው፤ የእሷ ለብቻው፣ የእሱ ለብቻው። የራሷን ታነባለች። ዮስያስ የእሱን ሳያየው ይጨመድደዋል፤ «ከእኔ ይልቅ አንተን አመነች» ይለዋል ወረቀቱን፣ ከዚያ ይጥለዋል።

በስድስተኛው ዓመት የዮስያስ ጣቶች መዘጋት ጀመሩ። ጠዋት ሲነሳ ሁለቱም እጆቹ ቡጢ ናቸው። ሀሴት ለብ ያለ ውሃ ታቀርብና አንድ በአንድ ትፈታቸዋለች፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ እያለች፣ ሕፃን እንደምታጥብ። ሆዱንም ይቆርጠዋል። መርፌ መያዝ አቃተው። ሸሚዙን እሷ ትቆልፍለታለች። እንግዲህ የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ጣቱን ትፈታለታለች፣ ትሪዋን ግን አትፈታም።

የሆድ ጤና ጣቢያ የወሰደችውም እሷ ናት። እዚያ ያለችው ሲስተር ደብሪቱ ትባላለች፤ ገና ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። የዘንድሮ ልጆች ሁሉ እንዲህ ነው ስማቸው፣ ደብሪቱ፣ የሻረግ፣ ጠጂቱ። ሀሴትና ዮስያስ የሚባል ዛሬ ጸጉሩ የሸበተ ብቻ ነው።

«ጋሽ ዮስያስን የያዛቸው ዘብ ነው» አለች ሲስተር ደብሪቱ።

«የምን ዘብ?»

«በያንዳንዳችን ሰውነት ውስጥ ዘብ አለ እትዬ። ሌባ ሲመጣ የሚይዝ። ይሄንን ዘብ የሚያሳድጉት ደግሞ ሆዳችን ውስጥ ያሉት ነዋሪዎች ናቸው። ዓይን የማያያቸው፣ ጥቃቅን። ይሄ እንግዳ ነው እለፈው፣ ይሄ ሌባ ነው ያዘው፣ ይሄ የቤት ልጅ ነው እንዳትነካው ብለው የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው።»

«ሆዴ ውስጥ ሰው ይኖራል እያልሽኝ ነው? ሳያስፈቅደኝ?»

«ከዓለም ሕዝብ የሚበልጥ።»

«ጉድ ነው። እሺ፣ የእሱስ?»

«የእሳቸው ነዋሪዎች አልቀዋል። ሰፈሩ ባዶ ሲሆን ዘቡን የሚያስተምረው የለም። የሚጠብቀውም የለም። ሥራ የፈታ ዘበኛ ምን ያደርጋል? ዱላውን ይዞ ወደ ቤት ይገባል። ባለቤቱን ይደበድባል። አሁን ጣታቸውን ነው፣ አንጀታቸውን ነው፤ ካልተያዘ ዓይናቸውንም።»

ዮስያስ እጆቹን አየ። «ጎበዝ ዘበኛ ነው» አለ፤ «አንዲት ቀን አላረፈም።»

ከሕዝብ ማከማቻ የመጣ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ተሰጥቶት ነበር፤ ከማያውቃቸው ሰዎች ሆድ የተወሰደ። ዘቡ ሁለቱንም ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ሦስት ቀን በትኩሳት አነደደው። የቀረው አብሮ ከሚኖር ሰው መውሰድ ነው፤ ዘቡ ከሚያውቀው። ሲስተር ደብሪቱ መዝገቡን ከፈተች። የከተማው ሆድ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

«የእትዬ ሆድ ጫካ ነው!» አለች፣ ዓይኗ በርቶ። «እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ሁሉም ዓይነት አለ። ግን…» ግንባሯን ቋጠረች። «መዝገቡ አንድ ማዕድ ይላል። የሆዳችሁ ዝምድና ደግሞ ከመቶ ሠላሳ አንድ ነው። ቢያንስ ስድሳ ያስፈልጋል።»

ሀሴት ጣራ ጣራውን አየች። «ሳህን ለይተናል። ሰባት ዓመት። ድስቱ ግን አንድ ነው!»

«ድስት ውስጥ ያለውን እሳት ይገድለዋል እናቴ። ነዋሪ የሚሻገረው በእጅ ነው።» ሲስተር ደብሪቱ ወደታች አነበበች። «ለጋሽ ዮስያስ ቅርብ የሆኑት አቶ አብዱሰመድ የሚባሉ ናቸው። አርባ አራት። ግን እሳቸው የስኳር መድኃኒት ስለሚወስዱ አይሆኑም።»

«ማን? አብዱሰመድ?» ሀሴት ወደ ባሏ ዞረች። «እኔ ሠላሳ አንድ፣ አብዱሰመድ አርባ አራት! እሱን አግብተኸዋል በለኛ!»

«እሱ ያጎርሰኛል» አለ ዮስያስ።

ትዕዛዙ ተጻፈ። ሁዳዴ ሰኞ ሊገባ ነበርና ከሰኞ ጀምሮ እስከ ፋሲካ፣ ሃምሳ አምስት ቀን፣ ሁለቱ ብቻ ከአንድ ትሪ እንዲበሉ። በየማዕዱ ሦስት ጉርሻ፣ ከእሷ እጅ ወደ እሱ አፍ። ጥቅል ክልክል። ወረቀቱ እንደገና አንድ ላይ ሆኖ በየቀኑ ይወጣል። በመጨረሻ ከሀሴት ሆድ የሚወጣው ተወስዶ፣ ታጥቦ፣ ተጣርቶ፣ በእንክብል ይዘጋጃል።

ዮስያስ ይቺን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «በተናደድሽ ቁጥር "ብላ" የምትይኝን አሁን በሐኪም ትዕዛዝ ልታበይኝ ነው?»

«ዝም በል፣ ልጅቷ ፊት!»

ሲስተር ደብሪቱ ግን አልሳቀችም። «ሁለት ቀን ቢያመልጣችሁ ችግር የለም። ሦስተኛው ቀን ሳይጎርሱ ጀምበር ከጠለቀች ከዜሮ ነው። ዘቡ ደግሞ እስከ ክረምት አይጠብቅም።»

ሰኞ ደረሰ። ሀሴት ትሪውን ከቁም ሳጥን ላይ አውርዳ የሰባት ዓመት አቧራውን አጠበች። ቃሏን ግን አላፈረሰችም፤ ለራሷ «ይሄ ማዕድ አይደለም፣ መድኃኒት ነው» አለች። ምስሩን ጠቅልላ አፉ ውስጥ እንደ ክኒን ከተተችው።

«አንድ። ዋጥ።»

«ቀስ በይ…»

«ሁለት። ዋጥ።»

«ሰው ነኝ እንጂ ጆንያ አይደለሁም፣ ሀሴት!»

«ሦስት። አለቀ። እግዜር ይማርህ።»

እንዲህ ሆኖ አንድ ሳምንት ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ጉርሻው አነሰ፤ አፉን ሲከፍት መንጋጋውን እንደሚያመው አይታ ነው። በሦስተኛው ሳምንት የቃሪያውን ፍሬ እያወጣች ማጉረስ ጀመረች። አንድ ቀን መቁጠሩን ረስታ አምስት አጎረሰችው። እሱም በተጣመመ ጣቱ ትሪው መሐል ያለውን ስልጆ ወደ እሷ በኩል ገፋ ሲያደርግ አየችው፤ እንዳላየች ሆነች። ገበያ ስለዋለው ወሬ ያወሩ ጀመር። የጎረቤታቸው ዶሮ የፖስታ ድሮን ላይ ወጥታ እስከ ለገሀሬ ተጉዛ መመለሷን ስትነግረው በሳቅ ትን አለውና ሽሮው አፍንጫው ገባ። ጀርባውን እየመታች እሷም ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ። ለመለካት ሲሄዱ አርባ ዘጠኝ ገብተዋል። አብዱሰመድን አለፈችው። ይቺን ቁጥር ለሎሚ ደንበኞቿ ሁሉ ነገረች።

በሠላሳ አራተኛው ቀን ጠዋት ወረቀቱን ስታነብ ጣቷ ቆመ።

«ዮስያስ። ሥጋ አለ።»

ዮስያስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ለብ ባለ ውሃ ነክሯል። ቀና ብሎ አያት። «እንደገና?» አለ። እጆቹን ከውሃው አወጣ፣ ሳያደርቃቸው፣ ሸሚዙ ሳይቆለፍለት ወደ በረንዳው ሄደ።

ሀሴት እዚያው ቆማ ቀረች። ንዴቷ እንደ ልማዱ ሊፈላ ተነሣ፤ ግን አልፈላላትም። ሠላሳ አራት ቀን ከዓይኗ አልራቀም። በረንዳው ላይ ሲውል እንኳ ደወሉ ሳይደወል ለምሳ ቤት ገብቶ የሚበላው ከእሷው ትሪ ነው። ጥቅል ቀዶ መክፈት የማይችል ሰው ሥጋ ከየት አምጥቶ በየትኛው እጁ በላ? ወይ ባሏ ጠንቋይ ነው፣ ወይ ወረቀቱ… ይቺን ሐሳብ ልትጨርሳት አልደፈረችም። ወረቀቱን ጡቷ መሐል ወሽቃ ጤና ጣቢያ ሄደች።

«ይሄ መሣሪያችሁ ይዋሻል» አለች ገና በሩ ላይ።

ሲስተር ደብሪቱ ወረቀቱን አየች። «አልዋሸም። የቤቱ መሣሪያ ግን ርካሽ ነው፣ ሥጋና ደም አይለይም። ደም ሲያይ ሥጋ ብሎ ይጽፋል፤ ብዙ ጊዜ ሥጋ ስለሚሆን።»

«የምን ደም?»

«የራሳቸው። ዘቡ አንጀታቸውን ሲያቆስለው የሚፈስ። እኛ እዚህ ስለምናውቀው ነው ያልነገርኳችሁ፤ በመድኃኒቱ ይደርቃል፣ አይጨነቁ።» ከዚያ የሀሴትን ፊት አየች። «ከዚህ በፊት እንዲህ ጽፎ ያውቃል?»

«አንዴ።»

«መቼ?»

«ከሰባት ዓመት በፊት። በሁዳዴ።»

ልጅቷ መዋሸት ገና አልተማረችም። «ያኔ ነው የጀመራቸው ማለት ነው» አለች።

«ያኔ ብመጣ ኖሮ?»

«ጣታቸው… ምናልባት አይዘጋም ነበር። ምናልባት ነው የምልዎት፣ እትዬ። ምናልባት።»

ሀሴት ስትወጣ ደወሉ ሊደወል ትንሽ ቀርቶት ነበር። በቀጥታ ወደ በረንዳው ሄደች። ሁለቱ ሰዎች በየመኪናቸው ኋላ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ሲሰፋ ያያል። ቅርጫት ስላልያዘች ፊቷን የምትሸፍንበት አልነበራትም።

«አብዱሰመድ፣ እንደምን አረፈድክ?»

አብዱሰመድ መኪናውን አቆመ። ዙሪያውን አየ፣ ሌላ አብዱሰመድ ካለ ብሎ። «እኔን ነው?»

«አንተን ነው። ባሌን በሁዳዴ ምን ነበር የምታበላው?»

«አቦ፣ ሀሴት! ይሄን ለመጠየቅ ሰባት ዓመት ፈጀብሽ? ምስር ነዋ! ሚስቴ በሌላ ድስት እየሠራችለት፤ "የሰው ጾም አናስገድፍም" እያለች። ዋላሂ፣ በእሱ ጾም እኛ ምስር ሰለቸን።»

ሀሴት ወደ ዮስያስ ዞረች። ከመንገድ ይዛው የመጣችው ንግግር ነበራት፤ ጠፋባት። «ደም ነው አለች» አለችው። «ሥጋ አይደለም። ያንተው ደም ነው። ያኔም።»

ዮስያስ የተጣመሙ ጣቶቹን የመኪናው ጎማ ላይ አሳርፎ ነበር። ጎማውን ለማዞር ሞከረ፤ አልዞረለትም።

«ሰባት ዓመት» አለ ቀስ ብሎ። «ነገርኩሽ እኮ። ነግሬሽ ነበር።»

«ነግረኸኝ ነበር።»

«ሂጂ ወደ ቤትሽ።»

በዚያ ቀን ትሪው ቀረበ፤ ዮስያስ አልቀረበም። ከአብዱሰመድ ኪስ የወሰደውን ጥቅል አስከፍቶ ይዞ ገብቷል። ወንበሩን አዞረ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አደረገ፣ በጨዋነት በላ። እንደ ከተማው ሰው ሁሉ። ሀሴት በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጀርባውን እንዲህ አይታው አታውቅም። ትከሻው ምን ያህል እንደቀጠነ ያኔ ነው ያየችው።

ይቅርታ ትበለው እንዳትሉኝ። በሃምሳ አንድ ዓመት ዕድሜዋ ከአፏ ያልወጣ ቃል በአንድ ቀን አይወጣም። ሞክራዋለች፤ ጣፋጭ ወጥ ሠርታ፣ ሸሚዙን ተኩሳ፣ ጠዋት ጣቶቹን ስትፈታ ከወትሮው ቀስ ብላ። ጣቶቹን ሰጣት፣ ፊቱን አልሰጣትም። በሁለተኛውም ቀን ትሪው ደረቀ። እሷም አልበላችም፤ እሱ ካልበላ ትሪው ትሪ አይደለም። በሦስተኛው ቀን ስትነሣ አልጋው ባዶ ነበር። ተነሥቶ፣ እጁ እንደተጨበጠ ሄዷል።

የቀረውን ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ። በፋሲካ ዋዜማ ስድሳ ሦስት መግባታቸው፣ በዳግም ትንሣኤ ማግስት አሥራ ሁለት እንክብል መዋጡ፣ ዘቡ አንድ ሌሊት አተኩሶት በጠዋቱ መብረዱ፣ በነሐሴ ደግሞ ዮስያስ መርፌ በጣቱ መያዙ፣ ሁሉም በጤና ጣቢያው መዝገብ በቀንና በቁጥር ተጽፏል። መዝገቡ ላይ የሌለው የዚያች የሦስተኛዋ ቀን የጥላ ሰዓት ነው።

ደወሉ ከተደወለ ቆይቷል፤ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። በመንገዱ ላይ ውሻ እንኳ የለም። በየበረንዳው ሰዉ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ያኝካል። ሀሴት ትሪውን በጭንቅላቷ ተሸክማ በመንገዱ መሐል መጣች፤ በፀሐይዋ ውስጥ። ከላይ በድሮን የሚዞረው ድምፅ ማጉያ «እትዬ፣ ጥላ ይግቡ፤ እትዬ፣ ጥላ ይግቡ» ይላታል። «አንተ ግባ» አለችው።

በረንዳው ላይ ደረሰች። በሁለቱ የስፌት መኪናዎች መሐል ያለውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በእግሯ ገፋ አድርጋ ትሪውን መሬት አስቀመጠች፣ ገለጠችው፣ ከፊቱ ቁጭ አለች። ምስር፣ ጎመን፣ ትንሽ ስልጆ። ሽታው በረንዳውን ሞላው። አንድ ሰው ከግድግዳው ዞረ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሁሉም ጨዋነታቸውን ረሱ።

ሀሴት እጇን ውሃ አስነክታ ጠቀለለች። ትንሽ ጉርሻ፣ መንጋጋ የማያሳምም። እጇን ዘረጋች።

ዮስያስ አላየም። ጥቅሉ ጭኑ ላይ ነው፣ ገና አልተከፈተም።

«ዮስያስ።»

ጥቅሉን በቡጢው ጫፍ ገለበጠው።

እጇ እዚያው ቀረ። የተዘረጋ ጉርሻ አይመለስም፤ ይሄን ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ነው። ወጡ በመዳፏ ወርዶ፣ በክንዷ ወርዶ፣ በክርኗ ጫፍ ይንጠባጠብ ጀመር። ክንዷ ከበደ። ትከሻዋ ነደደ። ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰችም፤ የመንገዱ ፀሐይም ከላይዋ ገና አልበረደም። እጇን ግን አላወረደችም።

«አቦ፣ አንተ ሰው!» አለ አብዱሰመድ። «አፍህን ክፈት እንጂ! ቆማ ልትሞት ነው እኮ።»

«ተቀምጣ ነው» አለ ዮስያስ፣ አሁንም ሳያያት።

«ተቀምጣም ይሞታል!»

«አንተም ቅረብ» አለች ሀሴት ለአብዱሰመድ፣ ዓይኗን ከባሏ ሳትነቅል።

«ትዕዛዙ ለሁለት ነው። እኔ በዓይኔ እበላለሁ።»

እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጣቷ፣ ቀጥሎ አንጓዋ። ይቆም ዘንድ በሌላኛው እጇ ልትደግፈው አሰበች፤ ግን ያ መሸነፍ መሰላት። ዮስያስ መንቀጥቀጡን አየ። መጀመሪያ እጇን፣ ከዚያ ክንዷን፣ ከዚያ ፊቷን አየ። ላቧ ወርዶ አገጯ ላይ ቆሟል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ወረቀት ስታነብ እንደምታደርገው፣ ድምፅ የሌለው ቃል እየፈለገች።

ያን የተዘጋ እጁን አነሣ። ጣቶቹ አይዘረጉም፤ እንዳሉ፣ እንደ ቡጢ፣ የእጇ አንጓ ስር አስገብቶ ደገፋት። ወደ ራሱ ሳበው። አፉን ከፈተ።

በረንዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሲያኝክ አየው። ቀስ ብሎ ነው ያኘከው። ዋጠ።

«ጨው አንሶታል» አለ።

የሀሴትን ወጥ እንከን አለው ብሎ እስከዛሬ በሰላም የሄደ ሰው የለም። አብዱሰመድ ሊመጣ ያለውን አውቆ ዓይኑን ጨፈነ።

«እሺ» አለች ሀሴት።

ሁለተኛውንም መጠቅለል ጀመረች።